የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የጄምስ ብሩስ አውራጃ እንደራሴዎች

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ። በባሕር ዳር ከተማ ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ሄጄ ነበር። ጠበል ለመቅዳት ጀሪካን ይዘው ከተሰለፉት ሰዎች ኋላ ቆመን ሳለን ስለ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ስለ ጄምስ ብሩስ ጥቂት ነገርኋቸው። አንዲት ተማሪ «ይህ ሰው በአገሩ ምን ነበር? ጭሰኛ ነበር ወይስ ባለመሬት? ድምፅስ ይሰጥ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁላት። ቤቴ ገብቼ ሳገላብጥ የብሩስ የትውልድ አውራጃ ስተርሊንግሻየር ከ1708 እስከ 1918 ድረስ አንድ እንደራሴ ወደ ለንደን ይልክ የነበረ የምርጫ ክልል እንደሆነ፣ ዛሬ ግን በዚያ ስም የሚጠራ ክልል እንደሌለ አገኘሁ። በእነዚያ ሁለት መቶ ዓመታት የሚመርጠው ማን ነበር? የሚመረጠውስ? ክልሉስ ስለምን ቀረ?

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው የነገሩን ሥር የነካ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ጄምስ ብሩስ በ1730 በስተርሊንግሻየር አውራጃ፣ በላርበርት ደብር፣ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ይዞታ ላይ ተወለደ። (ካውንቲ የሚባለው የስኮትላንድ አስተዳደር ከቀድሞው አውራጃችን ጋር ስለሚቀራረብ አውራጃ እያልሁ እቀጥላለሁ፤ ዓመታቱም ዓ.ም. ካላልሁ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከይዞታው ሥር የድንጋይ ከሰል ነበር፤ በ1759 በአቅራቢያው የተቋቋመው የካሮን ብረት ማቅለጫም ይህንኑ ከሰል ይገዛ ነበር። ብሩስን ጎንደር ድረስ ያደረሰው ስንቅ በብዛት የዚህ ከሰል ገንዘብ ነው። እንግዲህ ለልጅቱ «ባለመሬት ነበር» ብለው ሊመልሱላት ይችላሉ። ድምፅን በሚመለከት ግን በዚያ ዘመን ባለመሬት መሆን ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የስተርሊንግሻየር የምርጫ ታሪክ መነሻው ይህ ነው። እኛ የጎጃምና የበጌምድር ሰዎች ደግሞ ርስትንና ጉልትን ለይተን ስለምናውቅ ነገሩ ከሌላው ሰው ቀድሞ የሚገባን ይመስለኛል።

ስኮትላንድና እንግሊዝ በ1707 አንድ መንግሥት ሲሆኑ ስኮትላንድ በለንደኑ የእንደራሴዎች ምክር ቤት 45 መቀመጫ ተሰጣት፤ 30ው የአውራጃዎች፣ 15ቱ የከተሞች ድርሻ ነበር። አውራጃዎቹ 33 ስለነበሩ ግን መቀመጫው ለሁሉም አልዳረሰም፤ ስድስቱ ትናንሽ አውራጃዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በየተራ እንዲመርጡ ተደረገ። የስተርሊንግሻየር ጎረቤት ክላክማናን ለአንድ ምክር ቤት ዘመን እንደራሴውን ልኮ የሚቀጥለውን ዘመን ለኪንሮስ ይለቅ ነበር፤ ቢውትና ኬትነስም፣ ኔርንና ክሮማርቲም እንዲሁ። ስተርሊንግሻየር በስኮትላንድ ወገብ ላይ ያለ፣ ስተርሊንግን የመሰለ የነገሥታት ግንብ ያለበት ከተማ መዲናው የሆነለት አውራጃ በመሆኑ ተራ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ከ1708ቱ ምርጫ ጀምሮ የራሱ አንድ መቀመጫ ነበረው።

የመራጭነትን መስፈርት ያስቀመጠው ከውህደቱ በፊት፣ በ1681፣ የስኮትላንድ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ነው። ሕጉ ድምፅ የሰጠው መሬቱን በቀጥታ ከዘውዱ ለያዘ ሰው ሲሆን፣ መሬቱም በጥንቱ ግምት የ40 ሽልንግ፣ ወይም በግብር መዝገቡ የ400 የስኮትላንድ ፓውንድ ግምት ያለው መሆን ነበረበት። (የስኮትላንድ ፓውንድ ዋጋው የእንግሊዙ አሥራ ሁለተኛ እጅ ብቻ ነበር።) ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው «በቀጥታ ከዘውዱ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። ንጉሡ ለአንድ ጌታ መሬት ይሰጣል፤ ጌታው ደግሞ ያንኑ መሬት በየዓመቱ ቁርጥ ያለ ክፍያ እየተቀበለ ለሌላ ሰው ለዘለቄታው ያስተላልፈዋል፤ ተቀባዩ ያርሰዋል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ይሸጠዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል። ከላይ ባለው ጌታ እጅ የሚቀረው አፈሩ ሳይሆን የበላይነቱ ነው። ተቀባዩን ባለርስት፣ ከላይ ያለውን ባለጉልት ብንላቸው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ድምፁም የባለጉልቱ ነበር። ባለርስቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን፣ መሬቱን የያዘው ከሌላ ጌታ ሥር ከሆነ በአውራጃው ምርጫ ቀን ቦታ አልነበረውም።

አያቴ ይልማና ዴንሳ ውስጥ የሚያርሱት መሬት ርስታቸው ነበር፤ ግብሩ ግን ለአንድ የጣና ደሴት ገዳም ይገባ ነበር። ከመከር በኋላ የገዳሙ መልእክተኛ ሲመጣ እህሉን በቁና እየሰፈሩ «አፈሩ የኔ፣ ጉልቱ የገዳሙ» ይሉ እንደነበር አባቴ ደጋግሞ ነግሮኛል። የስኮትላንዱን ሕግ መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ያ ቁና ነው። አንድ መሬት ሁለት ጌታ ሊኖረው እንደሚችል፣ ሁለቱም «የኔ ነው» ቢሉ አንዳቸውም እንዳልዋሹ ማስረዳት ለሌላ አገር ሰው ብዙ ገጽ ይፈጃል።

ብሩስ ራሱ ይህን ሥርዓት በሁለቱም አገር ያየ ሰው ነው። በየካቲት 1770 ጎንደር ገብቶ የዓፄ ተክለ ሃይማኖት ባለሟል ሆነ። በጉዞ ታሪኩ እንደጻፈው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የግሽን መንደር ከነምንጮቹ ለ«ያዕቆብ» (እዚህ አገር የሚጠራው በዚህ ስም ነበር) እና ለዘሩ ሰጥተው በደፍተር በስሙ እንዲገባ አዘው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በ1763 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ግሽ ሲደርስ እንግዲህ በመዝገብ ባለጉልት ሆኖ ነው። የምንጩ ዳር ገበሬዎች ግን እርሻቸውን እንደያዙ ነበሩ። ለተማሪዎ ይህን ቢነግሯት ደስ ይለኛል፤ የቆመችበት ሣር በአንድ ወቅት የስተርሊንግሻየር ሰው ጉልት ተብሎ ተጽፎ ነበር።

የሁለቱ አገሮች ሥርዓት የሚለያይበትም ነገር አለ። የእኛ ባለጉልት ጉልቱን የሚበላው አገልግሎት ስላለበት ነው፤ ወይ ይዘምታል፣ ወይ ዳኝነት ያያል፣ ወይ ቅዳሴ ያስቀድሳል። በ18ኛው መቶ ዘመን ስኮትላንድ ግን የበላይነቱ ከመሬቱም ከአገልግሎቱም ተለይቶ እንደ ዕቃ የሚሸጥ፣ የሚሸነሸንና በውሰት የሚሰጥ ብራና ሆኖ ነበር። ትልቅ ይዞታ ያለው ጌታ ጠበቃ ጠርቶ የበላይነቱን 400፣ 400 ፓውንድ እየገመተ ይቆራርጣል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ለወንድሙ፣ ለወዳጁ፣ ኤዲንብራ ለተቀመጠው ጠበቃው በዕድሜ ልክ ያስጽፋል፤ ሰነዱ በተጻፈላቸው ቁጥር ድምፅ ይፈጠራል። መሬቱና ኪራዩ ከጌታው እጅ አንዲት ጋት አይወጡም። እነዚህን መራጮች ሕዝቡ «የብራና ባላባቶች» ይላቸው ነበር። በ1788 ስለ አውራጃ መራጮች በተደረገው ቆጠራ በ33ቱም አውራጃዎች የነበሩት መራጮች ጠቅላላ ቁጥር 2,700 አይሞላም፤ ከእነዚያም በጣም ብዙዎቹ የብራና ነበሩ።

መንግሥት ይህን ለመግታት በ1714፣ ቆይቶም በ1734፣ መራጩ ይዞታው በእውነት የራሱ እንደሆነና ለሌላ ሰው አደራ የያዘው እንዳልሆነ እንዲምል አዘዘ። መሐላው አንዳንዱን ሰው መለሰ፤ ብዙውን ግን አልመለሰም። በመሐላ ነገር እኛ አገር ሰው ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ሳስብ፣ የብራና ባላባቱ በባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ «የራሴ ነው» ሲል ምን ይሰማው እንደነበር መገመት ያዳግተኛል።

የምርጫው ቀን ራሱ እንዲህ ነበር። ባለድምፆቹ በአውራጃው መዲና፣ በስተርሊንግ፣ ይሰበሰባሉ። የምርጫው ማዘዣ ይነበባል። ከዚያ እንደራሴውን ከመምረጣቸው በፊት የጉባኤውን ሰብሳቢና ጸሐፊ ይመርጣሉ። ሰብሳቢው ድምፅ እኩል በሚሆንበት ጊዜ ወሳኙን ድምፅ የሚሰጥ፣ በመዝገቡ ላይ ክርክር ሲነሳም ጉባኤውን የሚመራ ስለሆነ ትክክለኛው ትግል ያን ጊዜ ነበር፤ ሰብሳቢውን ያስመረጠ ወገን ብዙውን ጊዜ እንደራሴውንም ያስመርጣል። ቀጥሎ በየዓመቱ የሚታረመው የባለድምፆች ዝርዝር ይጠራል፤ እያንዳንዱ ስሙ ሲነሳ አቤት ይላል፤ የተጠረጠረው ይምላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በጉባኤው ፊት የሚመርጠውን ሰው ስም በአፉ ይናገራል፤ ጸሐፊውም ይመዘግባል። ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ብሩስ ጎንደር ላይ ሳለ የአውራጃው እንደራሴ ቶማስ ደንዳስ ነበሩ፤ ከ1768 እስከ 1794 ድረስ 26 ዓመት መቀመጫውን ያዙ። አባታቸው ሰር ሎረንስ ደንዳስ ለጦር ሠራዊት ስንቅ በማቅረብ እጅግ የከበሩ፣ በስተርሊንግሻየርም ከርስ የተባለውን ይዞታ የገዙ ሰው ናቸው። የምሥራቁንና የምዕራቡን ባሕር የሚያገናኘው የፎርዝና ክላይድ ቦይ በ1768 መቆፈር ሲጀምር ምሥራቃዊ አፉ የወጣው በእኒሁ ሰው መሬት በኩል ነው፤ ግሬንጅማውዝ የተባለችው የወደብ ከተማም እዚያው ተቆረቆረች። እንደራሴው ልጃቸው ለቦዩ ብዙ የደከሙ ሲሆኑ፣ በዚያው ቦይ ላይ በ1803 ሁለት ጀልባዎችን ጎትታ ያሳየችው የእንፋሎት ጀልባ በሴት ልጃቸው ስም ሻርሎት ደንዳስ ተብላ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ የሚመላለስ አንባቢ የዚያን ሞተር ቅድመ አያት አንዷን አገኘ ማለት ነው።

ዝምድናውም ልብ ይባል። ብሩስ ከጉዞው ተመልሶ በ1776 ያገባት ሜሪ ደንዳስ የእንደራሴው የአጎት ልጅ ነበረች። አውራጃው እንዲህ ጠባብ ነበር፤ ባለከሰሉ፣ ባለቦዩና እንደራሴው በጋብቻ ተሳስረው ተቀምጠዋል። ብሩስ በሚያዝያ 1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከደረጃ ወድቆ ሞተ፤ ላርበርት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ሐውልቱ ከድንጋይ የተቀረጸ ሳይሆን ከብረት የፈሰሰ ነው፤ የሠራውም ከሰሉን ይገዛው የነበረው የካሮን ማቅለጫ ነው። ደንዳስም በዚያው ዓመት የመሳፍንት ማዕረግ አግኝተው ከእንደራሴዎች ምክር ቤት ወጡ።

በእግራቸው የተተኩት የጋርትሞር ባላባት ሮበርት ግራም፣ የምርጫው ሥርዓት እንዲታደስ የሚሹና ለፈረንሳይ አብዮት አሳብ ቀና ልብ የነበራቸው ሰው ነበሩ፤ የቆዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከ1796 እስከ 1801 የተቀመጡት ደግሞ አድሚራል ጆርጅ ኪት ኤልፊንስተን ናቸው። እኒህ ሰው በመጋቢት 1801 የእንግሊዝ ጦር ግብፅ ላይ፣ አቡቂር ሲወርድ የመርከቦቹ አዛዥ ነበሩ። የስተርሊንግሻየር ልጅ የዓባይን ምንጭ ባየ በሠላሳ ዓመቱ የስተርሊንግሻየር እንደራሴ ዓባይ ወደ ባሕር በሚገባበት ዳር መርከብ አቆሙ። ለመራጮቻቸው ጉዳይ ለንደን መቀመጥ ያልቻሉ እንደራሴ መሆናቸው ግን ማንንም ያስጨነቀ አይመስልም፤ አውራጃው በኋላም ሌሎች የባሕር ኃይል መኮንኖችን መርጧል፤ ከ1865 እስከ 1880 ባሉት ዓመታት እንኳ ጆን ኤልፊንስተን ኧርስኪንና ሰር ዊልያም ኤድመንስተን የተባሉ ሁለት የባሕር ሰዎች ተከታትለው ተቀምጠዋል።

ከእንደራሴዎቹ ስም ዝርዝር ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ግን በ1820 የሆነው ነው። ያን ጊዜ ኑሮ የከበዳቸው፣ ድምፅም ያልነበራቸው የግላስጎው ሸማኔዎች ተነሡ። ጥቂቶቹ የካሮንን ማቅለጫ መድፎች ለመያዝ ወደ ስተርሊንግሻየር ገሠገሡ። ሚያዝያ 5 ቀን ቦኒሙር ከተባለው ረግረጋማ ሜዳ ላይ ፈረሰኛ ጦር ደረሰባቸውና ያዛቸው። መሪዎቻቸው ጆን ቤርድና አንድሩ ሃርዲ በመስከረም 8 ቀን ስተርሊንግ ከተማ ውስጥ ተሰቀሉ፣ አንገታቸውም ተቆረጠ፤ ሌሎች ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። እነዚያ ሰዎች ይፈልጉት የነበረው በዚያችው ከተማ የብራና ባላባቶች ስማቸው ሲጠራ «አቤት» የሚሉበትን ድምፅ ነው። ስለ አውራጃው የምርጫ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተመረጡትን ብቻ ዘርዝሮ ቤርድንና ሃርዲን ቢዘል ታሪኩን አጉድሎታል እላለሁ።

ሁለቱ ከተሰቀሉ በኋላ 12 ዓመት ሳይሞላ ሥርዓቱ ፈረሰ። የ1832ቱ የስኮትላንድ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ድምፅን ከበላይነቱ ነጥሎ በመሬቱ ላይ አሳረፈው፤ በአውራጃ በዓመት 10 ፓውንድ የሚያወጣ ንብረት ያለው፣ እንዲሁም ረዘም ባለ ውል በዓመት 50 ፓውንድ ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ገበሬ መራጭ ሆነ። በመላው ስኮትላንድ 4,500 ገደማ የነበረው የመራጭ ቁጥር ወደ 65,000 ገደማ ከፍ አለ። ሕዝቡ ሁለት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ስለነበረ አሁንም ጥቂት ነው፤ ሆኖም ባለርስቱ በባለጉልቱ ፊት ስሙን ያስጠራው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ሕግ ከዋናው አውራጃ ተለይታ በኦኪል ተራሮች ሥር የምትገኘው የአልቫ ደብር ለምርጫ ወደ ክላክማናንና ኪንሮስ ክልል ተዛወረች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እነግርዎታለሁ። የብራና ዘዴው ወዲያው አልሞተም፤ 10 ፓውንድ የምታወጣ ቁራሽ ንብረት በስም ብቻ ማስተላለፍ ተጀመረ። ድምፁም እስከ 1872 ድረስ በአደባባይ ስለነበረ የኪራይ ውሉ ሊያልቅበት የደረሰ ገበሬ የጌታውን ፊት ሳያይ ስም አይጠራም ነበር። በ1868 መስፈርቱ ዝቅ አለ፤ በ1884 ደግሞ በአውራጃ ቤት ይዞ የሚኖር አባወራ ሁሉ፣ የከሰል ቆፋሪውም ጭምር፣ መራጭ ሆነ። ይህ ለውጥ በእንደራሴዎቹም ማንነት ላይ ይነበባል። በ1835 ተመርጠው በኋላም ከ1841 እስከ 1855 የተቀመጡት ዊልያም ፎርብስ አሁንም ትልቅ ባለመሬት ናቸው፤ አባታቸው የመርከብ ሆድ በመዳብ በማልበስ ከብረው በ1783 የካለንደርን ይዞታ በጨረታ የገዙ ነጋዴ ነበሩ። ከ1880 እስከ 1892 ያሉት ጆሴፍ ቦልተን ግን የባቡር ኩባንያ ሊቀ መንበር፣ ቀጥለው የመጡት ዊልያም ጃክስ የብረት ነጋዴ ናቸው። የመጨረሻው እንደራሴ ዊልያም ቻፕል ከ1910 እስከ 1918 የቆዩ ሲሆን፣ የኒውዚላንድ ተወላጅ ሐኪም ነበሩ፤ በአውራጃው መሬትም ዘመድም ሳይኖራቸው መመረጣቸው የ1708ቱን መራጮች ግራ ባጋባ ነበር።

ክልሉ የቀረው በ1918 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ድምፅን 21 ዓመት ለሞላው ወንድ ሁሉ፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶችም ሲሰጥ፣ ክልሎቹም በሕዝብ ብዛት እንደገና ተከለሉ። የስተርሊንግሻየር ምዕራብ ለብቻው፣ ምሥራቁ ደግሞ ከክላክማናን ጋር ተጣምሮ ሁለት ክልል ሆኑ፤ ስተርሊንግ፣ ፎልከርክና ግሬንጅማውዝ ከተሞች ደግሞ አንድ ላይ ሦስተኛ ክልል ሆኑ። እንግዲህ ክልሉ የጠፋው አውራጃው ስለተናቀ አይደለም፤ ከሰሉ፣ ብረቱና ወደቡ ሕዝቡን አብዝተውት አንድ እንደራሴ ስላልበቃው ነው። ያን ጊዜ ጄምስ ብሩስ የተወለደበት ደብር የቀድሞ ጎረቤቱን ክላክማናንን በምርጫ ተጋራ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሕግ ተማሪ ነኝ። በድሮዋ ስኮትላንድ አንድ ሰው ብቻውን ጉባኤ ተቀምጦ ራሱን እንደራሴ አድርጎ መረጠ ሲባል ሰምቼ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እውነት ነው ወይ? በሕግስ እንዴት ይጸናል?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም፤ በ1831 የምርጫው ሕግ ሲከራከሩበት በለንደኑ ምክር ቤት ውስጥ እንደ ማስረጃ የተነገረ ነው። አውራጃው ስተርሊንግሻየር ሳይሆን ደሴቶችን ያቀፈችው ቢውት ነበረች። ወደ 14,000 ሕዝብ ነበራት፤ መራጮቿ 21 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም በአውራጃው የሚኖረው አንድ ነበር። በአንድ ምርጫ ከአስፈጻሚዎቹ ሌላ የተገኘው ባለድምፅ አንድ ብቻ ሆነ። ሰውየው ወንበሩን ያዘ፣ ጉባኤውን ከፈተ፣ ዝርዝሩን ጠራ፣ የራሱ ስም ሲደርስ አቤት አለ፣ ራሱን ሰብሳቢ አድርጎ መረጠ፤ ቀጥሎም ራሱን በእጩነት አቀረበ፣ አሳቡን ራሱ ደገፈ፣ ለድምፅ አቀረበ፣ በሙሉ ድምፅም ተመረጠ።

በሕግ የጸናበትን ምክንያት ለመረዳት ከላይ ለመምህሩ የሰጠሁትን መልስ ይመልከቱ። ሕጉ የሚጠይቀው ባለድምፆች በሥርዓቱ እንዲጠሩና የተገኙት በአብላጫ እንዲወስኑ ነው፤ ስንት ሰው መገኘት እንዳለበት አይልም። ድምፅ የሰው ሳይሆን የይዞታ መብት ተደርጎ ስለሚታይ በአውራጃዋ ያሉት 14,000 ሰዎች በዚያ ጉባኤ አልጎደሉም፤ ቀድሞውኑ አልተቆጠሩምና። እርስዎ የሕግ ተማሪ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመጀመሪያዎቹን የሕዝብ እንደራሴዎች ያስመረጠው በሕዝቡ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ተብሎ፣ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ነው። የሁለቱን ሕጎች ቃል ጎን ለጎን አድርገው ቢያነቡ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነገር ያገኙበታል።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነው የምጽፈው። አባቴ ስለ ጉልት ሲያወራ በልጅነቴ እሰማ ነበር። ከላይ ያለው ጌታ የበላይነቱን ይዞ ቀረ ብላችሁ ብትጽፉ የሚገባኝ ሰው ነኝና አንድ ልጠይቅ፤ በስኮትላንድ ድምፁ ከተወሰደበት በኋላ ያ የበላይነት ምን ሆነ? ዛሬም አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድምፁ በ1832 ቢነጠቅም የበላይነቱ ራሱ ቀረ። ባለመሬቱ በየዓመቱ ለላይኛው ጌታ ቁርጥ ክፍያ መክፈሉን ቀጠለ፤ በሰነዱ ላይ የተጻፈ ገደብ ካለ፣ ለምሳሌ «እዚህ ቦታ ላይ ሱቅ አይከፈትም» ወይም «ከዚህ የበለጠ ቤት አይሠራም» የሚል፣ ይህን ለማለፍ የላይኛውን ጌታ ፈቃድ መለመን፣ ብዙ ጊዜም መክፈል ነበረበት። ብዙ የከተማ ሰው እንዲህ ያለ ጌታ እንዳለው የሚያውቀው ቤቱን ሊሸጥ ወይም ሊያሰፋ ሲነሳ ነበር።

የጠፋው ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ ዘግይቶ ነው። ስኮትላንድ በ1999 የራሷን ፓርላማ ዳግመኛ ስታቆም ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ይህን ሥርዓት የሚሽር ሕግ በ2000 ማውጣት ሆነ፤ ሕጉም በሥራ ላይ የዋለው ኅዳር 28 ቀን 2004 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስተርሊንግም በላርበርትም መሬት የያዘ ሰው ከበላዩ ጌታ የለበትም። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ኅዳር 1997 ዓ.ም. ላይ ይውላል። የአባትዎ ጉልትማ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከቀረ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶት ነበር።